በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሥዕል

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ጸጉር ቤት ገብቶ የተቆረጠ ሰው ሁሉ የእኔን እጅ ሥራ አይቷል። በበሮቹ ላይ ያሉት ራሶች፣ አንዱ ጎፈሬ፣ አንዱ ጎንና ጎኑን የተላጨ፣ አንዱ ጢሙን ያሳመረ፣ ከእኔ ብሩሽ የወጡ ናቸው። የጭነት መኪና ጀርባ ላይ አንበሳ የምሥልበት ጊዜም ነበር፤ ሾፌሮች ደጀን ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥሁም። ከቅጠል አረንጓዴ፣ ከከሰል ጥቁር እያወጣሁ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ከተማረ ሠዓሊ አጠገብ ቆሜ ያፈርሁበት ቀንም የለም።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ የፊት ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ያየሁትን ፊት አልረሳም። ገበያ መሐል ለአፍታ ያየሁትን ሰው ከወር በኋላ ከነኪንታሮቱ አወጣዋለሁ። ይህን የሚጠራጠር ካለ ማርቆስ መጥቶ ይጠይቅ።

የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የጠራኝ በዚሁ ችሎታዬ ነው። ጋዜጣው በአስተያየት ገጹ ላይ ሰዎች ሐሳባቸውን የሚጽፉባቸው ዓምዶች አሉት፤ እኔ ደግሞ ለጽሑፉ የሚሆነውን ሥዕል እሠራለሁ። አንባቢ ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ነው። ጽሑፉን ያነበበውም ያላነበበውም ሥዕሉን አይቶ ያልፋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ በምክንያት ነው። ራሴን በራሴ አስተማርሁ ያልሁት እስከ ጋዜጣው ደጃፍ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕል ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ አንድ ዓይነ ስውር ናቸው።

መሪጌታ ቢተው ባለፈው ጥቅምት ዐረፉ። ልጃቸው ስመኝ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ጋሽ ዋሴ» አለች። ከድምፅዋ ቀጥሎ የሚመጣውን ዐወቅሁ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ የእኔና የእሳቸው ቀን ነው።

መሪጌታ የዜማ መምህር ነበሩ። ገና በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደው። ደብረ ወርቅ ገብተው ትምህርታቸውን በጆሯቸው ተማሩ፤ ብዙ ዓመት አስተማሩ፤ ሲያረጁ ማርቆስ መጥተው ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ዓምድ መጻፍ የጀመሩት ሬዲዮ ሲያዳምጡ ለሚናገረው ሰው መልስ መስጠት ስለሚወዱ ነው። ስመኝ መልሳቸውን በደብተር ላይ ትይዝ ጀመር። አንዱን ወስዳ ለዋና አዘጋጁ ሰጠችው፤ አወጣው፤ ሌላ አምጪ አላት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት እቤታቸው እሄዳለሁ። ስመኝ ጽሑፉን ታነባለች። ሲያልቅ መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ ያሳርፉና «እህ፣ ምን ልትሥል ነው?» ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ስለ አንድ ቢሮ ነበር። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር የኃላፊው ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ሰውዬው ግን የለም፤ «አሁን ነበር፣ ኮቱም ይኸው» ይባላል። እኔ የጽሑፉን ወሬ ከአዘጋጁ ሰምቼ ስለነበር ሥዕሉን ጨርሼው ነበር የሄድሁት። ለሚያይ ሰው አውጥቶ ማሳየት ነው፤ ለእሳቸው ግን መንገር ነበረብኝ።

«አንድ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ በግራ በኩል ሰባት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፤ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ…»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ሳብሁ። መቋሚያው ወለሉን ጠቅ አደረገው።

«ምነው መሪጌታ?»

«ተነፈስህ።»

«ሰው ነኝ፤ እተነፍሳለሁ።»

«ዜማ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ የሰው ትንፋሽ እስከ የት እንደሚሄድ ዐውቃለሁ። አንተ ለመንገር ሁለት ትንፋሽ ካስፈለገህ የሚያየውም ይደክመዋል። ስንት ሰው አለ አልህ?»

«ሰባት ባለጉዳይ፣ አራት ሠራተኛ፣ አንድ ዘበኛ። ሁሉም የየራሳቸው ፊት አላቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለ ፊት የሚያወጣ ሰው በዚህ አገር የለም።»

«ዘበኛው ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ቆሟል።»

«ወደ ቤቱ ስደደው።»

ስመኝ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ተናደድሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ሽማግሌው ወደ ቤቱ ሄደ። ሕፃን የታቀፈችው ሄደች። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ተሰናበቱ። አዳራሹ ፈረሰ። በመጨረሻ የቀረኝ አንድ ወንበርና አንድ ኮት ነበር። ተስፋ ቆርጬ፣ «እንግዲህ ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት በባዶ እጅጌው ማኅተም ይመታል» አልሁ።

መቋሚያው አልመታም። ጠበቅሁ። ምንም የለም።

ስመኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ወደውታል» አለችኝ።

ያ ሥዕል ሲወጣ ከተማው ሳቀ። በሳምንቱ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት አላየሁም። አንድ የማውቀው ኃላፊ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ዋሴ፣ ተረጋግቼ ሻይ የምጠጣበትን ጊዜ አሳጣኸኝ» አለኝ። ይህን ያደረገው የእኔ እጅ ነው። ዘበኛውን ወደ ቤቱ የሰደዱት ግን እሳቸው ናቸው።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ካልወደዱት መቋሚያው ይመታል፤ ከወደዱት ዝም። እኔ ሙገሳ የምወድ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ሙገሳ ካጣሁ ራሴው እሞላዋለሁ። መሪጌታም ይህን ስለሚያውቁ ገብቼ ዝም ካልሁ «ዋሴ፣ ዛሬ ራስህን አላመሰገንህም፤ አሞሃል?» ይሉኝ ነበር። ያን ዝምታቸውን ግን ከማንም ሙገሳ አብልጬ እናፍቀው ጀመር። ከሰኞ ጀምሬ መንገድ ላይ ስሄድ ለብቻዬ እየተናገርሁ ትንፋሼን እለካ ነበር። የሚያየኝ ሰው ያበድሁ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ጋዜጣው ሲወጣ ትኩሱን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ያሸቱታል። «የት ጋ ነህ?» ይላሉ። እጃቸውን ይዤ ሥዕሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስመኝ ጽሑፉን ደግማ እስክትጨርስ ድረስ መዳፋቸውን ከዚያ አያነሡም። ብዙ ሰው ሥዕሌን አይቷል። እንደዚያ መዳፍ አድርጎ ያየው ግን የለም።

ሁለተኛው ሕጋቸው ስለ ፊት ነበር።

«ፊት ከሣልህ ሰው ስም ይፈልግለታል» አሉኝ አንድ ቀን። «ይሄማ እገሌ ነው ብሎ ይስቃል፤ ጋዜጣውን አጥፎ ይሄዳል። ጀርባ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እኔ እሆን እንዴ ይላል።»

«መሪጌታ፣ እኔ የፊት ሰው ነኝ።»

«ዐውቃለሁ። የምከለክልህም ለዚህ ነው።»

ስለዚህ ለዓመታት እጅ ሣልሁ፤ ባርኔጣ ሣልሁ፤ ባዶ ጫማ፣ የተዘጋ በር ሣልሁ። ጣቶቼ ፊት ይርባቸው ነበር።

ጥፋቴ የተፈጠረው ከመሞታቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የዚያ ሳምንት ጽሑፍ ስለ ባሕር ዛፍ ነበር። ወሰን ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ የጎረቤቱን ምንጭ እንደሚያደርቅ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «እኔም ዓይን ቢኖረኝ እተክል ነበር፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ማየት ማን ይጠላል። ነገር ግን ውኃው የሁለታችን ነው።» ስመኝ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ምን ልትሥል ነው?»

«አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ከጎረቤቱ እንስራ ውኃ እየቀዳ የራሱን ዛፍ ያጠጣል።»

መቋሚያው አልመታም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቤቴ ገብቼ ስሠራው ግን ጀርባው እህል የሞላ ጆንያ መሰለ። ደገምሁት፤ ሌላ ጆንያ ሆነ። እኔ ደግሞ ጆንያ የምሥል ሰው አይደለሁም። ሰውየውን ወደ እኛ አዞርሁት። ወዲያው ፊቱ መጣልኝ፤ በዚያው ሰሞን አምበር ገበያ ያየሁት አንድ ረጅም ፊት ያለው ሽማግሌ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ተቀዶ የቀረ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ፊት አልሠራሁም፤ ዛሬም ቢሆን እንዲህ እላለሁ። መሪጌታን አስታወስሁ። «አያዩትም» አልሁ ለራሴ።

ቅዳሜ ወጣ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ከምስጋናው ብዛት ለመሪጌታ ጋዜጣ መውሰዱን ረሳሁት። ረቡዕ ስሄድ ስመኝ በሩን ከፍታልኝ ዓይኔን ሳታይ ወደ ውስጥ ተመለሰች። መሪጌታ መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመውት ነበር።

«ዋሴ፣ ያን ጆሮ ከየት አመጣኸው?»

«የቱን ጆሮ?»

«ስመኝ ጣቴን ይዛ ጋዜጣው ላይ አዞረችው። የግራ ጆሮ ነው፤ ጫፉ የለም።»

«አምበር ገበያ ነው ያየሁት። እኔ እኮ አንድ ጊዜ ያየሁትን ፊት…»

«አትረሳም። ነግረኸኛል።»

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሰውየው ይግዛው ይባላል፤ ታናሽ ወንድማቸው ነው። መሪጌታ ደብረ ወርቅ ሲማሩ መሪያቸው እሱ ነበር። እሱ ከፊት፣ እሳቸው እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ከኋላ፣ በየቤቱ እየዞሩ በእንተ ስማ ለማርያም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ውሻ ዘሎ መጣባቸው። ይግዛው ወንድሙን ከልሎ ቆመ፤ ውሻው የጆሮውን ጫፍ ይዞ ሄደ። «ደሙን ያቆምሁት በዳበሳ ነው» አሉ መሪጌታ። «ያን ጆሮ ከአንተ በፊት ዐውቀዋለሁ።»

በእርጅናቸው የተጣሉት በባሕር ዛፍ ነው። ይግዛው የአባታቸው መሬት ወሰን ላይ ተከለ፤ ምንጩ ደረቀ፤ መሪጌታ ተናገሩት፤ እሱም ክፉ ቃል መለሰ። ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎች ገብተው ለእሑድ ቀን ቆርጠውላቸው ነበር።

«ጽሑፉን የጻፍሁት ለእሱ ነው» አሉ። «ስሙን ሳልጠራ፣ ከገበሬው ሁሉ መሐል አስቀምጬ። ሽማግሌዎቹ ከእርቁ በፊት ያነቡለታል ብዬ ነበር። ወንድሜ እኔን ሲወቅስ ራሱንም ወቀሰ እንዲል። እሱ ግን ሥዕሉን አይቶ ጋዜጣውን ጣለው። በሕዝብ ፊት ሌባ ያደረገኝን ሰው በቁሙም በሞቱም አልደርስበትም ብሎ ላከብኝ። እኔ ያሣልሁት መስሎታል።»

«ምን ላድርግ መሪጌታ?»

«አምበር ሂድና ፊቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ በለው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።»

«እሺ» አልሁ።

አልሄድሁም። በዚያ ሳምንት የበር ሥራ ነበረኝ። በሚቀጥለው ክረምቱ ገባ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አምበር ውስጥ የእኔ ሥራ የሌለበት ጸጉር ቤት የለም፤ እዚያ ገበያ መሐል «ዋሴ የማንን ፊት እንደሚሠራ አያውቅም» መባሉን አልቻልሁትም። አዘጋጁን ለምኜ ሥዕሉ ማንንም አይመለከትም የሚል ሁለት መስመር አስወጣሁ። ማንም አላነበበው። መሪጌታ አንድ ጊዜ «ሄድህ?» አሉኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አልሁ። ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየረቡዑ ስመኝ አነበበች፤ እኔ ተናገርሁ፤ መቋሚያው መታ ወይም ዝም አለ። ስሄድ ሁሉ ዛሬ ይጠይቁኝ ይሆን እያልሁ እፈራ ነበር። ስመለስ ደግሞ ምነው በጠየቁኝ እላለሁ።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ጠዋት ስመኝ ደወለች። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «አጎቴ አልመጣም አለ፤ ቃሌ ቃል ነው አለን» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ፤ አምበር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ማን እንደሆንሁ፣ ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ ፊት እንዴት በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ። ረጅም ንግግር ነበር። አምበር ወርጄ ቤታቸውን ጠየቅሁ። አቶ ይግዛው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የባሕር ዛፍ አጠና በገጀራ ይልጣሉ። ፊታቸው ልክ እንደሠራሁት ነው፤ ትንሽ አርጅቷል።

«እንደምን አደሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ዋሴ እባላለሁ። ከማርቆስ ነው የመጣሁት።»

«በስልክ መልሴን ሰጥቻለሁ። አትድከም።»

ንግግሬን ልጀምር አፌን ስከፍት መቋሚያው ጆሮዬ ውስጥ ጠቅ አለ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ።

«ያን ፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወንድምዎ ጀርባ ሣል ብለውኝ እሺ ካልሁ በኋላ እንደማያዩ ዐውቄ አታለልኋቸው።»

ገጀራው ቆመ።

«እሱ አላዘዘህም?»

«አላዘዙኝም።»

«እኔን በምን ዐወቅኸኝ?»

«አላውቅዎትም ነበር። ገበያ አይቼዎት ነው። ፊትዎ መልካም ሆኖብኝ ነው።»

«መልካም» አሉ። ልጣጩን ከጉልበታቸው ላይ አራገፉ። «ሁለት ዓመት የት ነበርህ?»

 ያዘጋጀሁት ንግግር ውስጥ ይህ አልነበረም።

«አፍሬ ነው» አልሁ።

«አንተ አፍረህ እኔ ወንድሜን አጣሁ።»

እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ የተቆረጠበትን ዳር ዳበሱት። ከዚያ ተነሥተው ቤት ገቡ። በሩን የሚዘጉብኝ መሰለኝ፤ ቆሜ ጠበቅሁ። ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

«መኪና እናገኛለን?» አሉ።

ሚኒባስ አግኝተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። በኋላ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ «ጽሑፉ ምን ይል ነበር? እኔ አላስነበብሁትም» አሉኝ። መጨረሻውን በቃሌ ይዤው ነበር። «እኔም ዓይን ቢኖረኝ እተክል ነበር፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ማየት ማን ይጠላል። ነገር ግን ውኃው የሁለታችን ነው» አልኋቸው። ማርቆስ እስክንገባ ድረስ በመንገዱ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ሲያዩ ቆዩ። 

ሳጥኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ደረስን። ስመኝ አጎቷን ስታይ አንገታቸው ላይ ወደቀች። አቶ ይግዛው ከተሸካሚዎቹ አንዱን ትከሻውን ነክተው አስለቀቁና ከፊት በኩል ገቡ። በዚያ ዕድሜ ሸክሙ ይከብድዎታል ያላቸው ነበር፤ አልሰሙትም። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወንድማቸው ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት ሆነው ሄዱ።

አሁን ረቡዕ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ የት እንደምሄድ አላውቅም። ጋዜጣው ሌላ ዓምደኛ አግኝቷል፤ ጽሑፉን በስልክ ይልክልኛል፤ ሥዕሉን ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፤ «በጣም አሪፍ» ብሎ ይመልስልኛል። ምንም ብሠራ በጣም አሪፍ ነው። መንገድ ላይ ግን ዛሬም ትንፋሼን እለካለሁ።

ምን ሠራህ ለሚለኝ እነግረዋለሁ። የዚህን መንገድ ጸጉር ቤቶች ራስ በራስ አድርጌያለሁ። በአባይ በረሃ የወረዱትን መኪኖች አንበሳ አሸክሜያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሳምንት ሳላጎድል ሥዬያለሁ። የማርቆስን ሹማምንት ኮታቸውን አስለብሻለሁ። ሁለት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን አምበር ሄጄ እውነቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬያለሁ፤ አንድ ሰው ለወንድሙ ቀብር አድርሻለሁ። ጀርባም ሥዬያለሁ። ጆንያ አልመሰለም። እሳቸው በሞቱ በሳምንቱ ዓምዳቸው ያለ ጽሑፍ ሲወጣ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት ረቡዕ ከሰዓት እቤታቸው ይዤው ሄድሁ። ስመኝ መቋሚያውን ከወንበራቸው አጠገብ አላነሣችውም። ፊት ለፊቱ ቆምሁና «ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ፤ የኋለኛው እጁን ከፊተኛው ትከሻ ላይ አድርጓል» አልሁ። በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ጠበቅሁ። አልመታም።